ከኳየሩ ጀርባ ማን አለ?

በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በጥናት ኮሚቴው ሦስት አባላት በጋራ የቀረበ ንግግር

እናቶቻችን፣ ከፊት ያለው ወንበር የተተወው ለእናንተ ነው፤ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ።

ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ ተኳርፈን እንደተለያየን የረሳ ሰው ያለ አይመስለንም። ያኳረፈን አንድ ጥያቄ ነው። ማኅበራችን በሳምንት 16 ሰዓት የምትሠራ አንዲት ሠራተኛ በደመወዝ ይቅጠር ወይስ አይቅጠር? ግማሾቻችን "ጸሐፊያችን አልቃለች፣ ይቀጠር" አልን። ግማሾቻችን ደግሞ "እህት ለእህቷ በደመወዝ ነው እንዴ የምትደርሰው?" አልን። ከደጋፊዎቻችንም አንዳንዶቹ፣ በአክብሮት ነው የምናነሳው፣ የሰጡት ገንዘብ ለአዲስ መጤ እናቶች እንጂ ለቢሮ እንዳልሆነ በደብዳቤ ገለጹልን። ድምፅ ሳንሰጥ ተበተንን። እኛን ሦስታችንን ግን "ሌሎች ማኅበሮች እንዴት እንደሚሠሩ አይታችሁ ንገሩን" ብላችሁ ላካችሁን።

ብዙ በር አንኳኩተናል። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የወንዶች ኳየር ነው። ሳቃችሁ ይሰማናል። እኛም መጀመሪያ ስቀናል። የሴቶች መረዳጃ ማኅበር ከሽማግሌ ወንዶች ዜማ ምን ሊማር ነው?

ነገሩ የመጣው በሥራ በኩል ነው። ከእኛ አንዷ ቤት ለቤት እየሄደች አረጋውያንን የምትንከባከብ መሆኗን ታውቃላችሁ። ከምትንከባከባቸው ሰዎች አንዱ በዌልስ ሸለቆዎች ውስጥ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ የነበሩ አዛውንት ናቸው። መድኃኒታቸውን ስትሰጣቸው ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም የሒሳብ መዝገብ ታያለች። አንድ ቀን ጠየቀቻቸው። የኳየራቸው ገንዘብ ያዥ እንደነበሩና አሁን ሥራውን ለሌላ ሰው ቢያስረክቡም አሮጌዎቹን መዝገቦች እየተመለከቱ እንደሚያርሙ ነገሯት። "ሰኞ ማታ ኑና እዩ" አሉን። ሄድን።

ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። "መዘምራን" እንዳንላቸው የሚያዜሙት መዝሙር ብቻ አይደለም፤ የፍቅር ዜማም፣ የሰልፍ ዜማም አላቸው። "ዘፋኞች" እንዳንላቸው ደግሞ የሚዘምሩት አብዛኛውን ጊዜ ጸሎት ቤት ውስጥ ቆመው ነው። ስለዚህ "ኳየር" እያልን እንቀጥላለን።

በዌልስ የወንዶች ኳየር የቆየ ነገር ነው። በሮንዳ ሸለቆ የሚገኘው የትሪዮርኪ ኳየር መነሻውን ከ1883 ይቆጥራል፤ በ1895 ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ተጠርቶ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘምሯል (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንናገረው)። የደንቫንት ኳየር የተመሠረተው በዚያው በ1895 ነው። የሞሪስተን ኦርፊየስ ደግሞ በ1935። ዘማሪዎቹ ቀን ጉድጓድ ሲቆፍሩ የሚውሉ፣ ማታ ታጥበው የሚመጡ ሠራተኞች ነበሩ። አብዛኞቹ የሙዚቃ ኖታ ማንበብ አልተማሩም። ያስቻላቸው ዜማን በመስመርና በነጥብ ሳይሆን በፊደል የሚጽፍ ቀላል ዘዴ ነው፤ ቶኒክ ሶልፋ ይባላል። የእኛ ሊቃውንት በግዕዙ ቃል አናት ላይ ትንንሽ የፊደል ምልክት አድርገው ዜማውን እንደሚያነቡት ማለት ነው። ዘዴውን በመላው አገር ያስፋፋው ጆን ከርዌን የተባለ ሰባኪ ነው፤ ስሙም በእሱ ይነሳል። መሠረቱን የጣለችው ግን በኖርዊች ከተማ ሕፃናትን ታስተምር የነበረች ሳራ ግላቨር የተባለች ሴት ናት። ይህን ስንሰማ እርስ በርስ መተያየታችን አልቀረም።

ወደ ሰኞ ማታ እንመለስ። ልምምዱ የሚጀምረው በአንድ ሰዓት ነው። እኛ በአሥራ ሁለት ተኩል ደረስን፤ ቀድመውን የደረሱ አራት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ማሞቂያውን ለኩሶ ወንበር ይደረድራል። አንዱ በር ላይ የስም መቆጣጠሪያ ይዞ ተቀምጧል፤ የሚገባው ሁሉ ስሙ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ ሦስት ሳምንት የቀረ ሰው ቤቱ ስልክ ይደወላል። አንዱ ከቁም ሳጥን ውስጥ የዜማ ቅጂዎችን እያወጣ ይቆጥራል። አራተኛው ሻይ ያፈላል። ከእነዚህ ከአራቱ አንዳቸውም ሳንቲም አይከፈላቸውም።

ቅጂ ቆጣሪው በጣም አስገረመን። ኳየሩ ወደ 50 ሰው ነው። የባለመብቱን ሥራ በፎቶ ኮፒ ማባዛት በሕግ ስለማይፈቀድ ለእያንዳንዱ ዘማሪ አንድ አንድ ቅጂ ይገዛል፤ በእያንዳንዱም ላይ ቁጥር አለ። ሌሊቱን ቅጂውን ይዞ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው በማግስቱ ይፈለጋል። እኛ ያሰብነው የእድር ዕቃ ቤት ነው። የሠፈራችንን እድር አስታውሱ፤ ድስቱ ላይ፣ ሰሃኑ ላይ፣ ጭልፋው ላይ ሳይቀር በቀለም ቁጥር ተጽፎበት፣ ለቅሶው ሲያበቃ ዕቃ ጠባቂው "አንድ ጭልፋ ጎድሏል" ብሎ ሐዘንተኛውን ሲያስጨንቅ። ያኔ ይከፋን ነበር። ግን ያ እድር ስንት ዓመት ቆየ? ጭልፋውስ?

ልክ በአንድ ሰዓት አስተማሪው ገባ፣ ፒያኖ የምትመታውም ሴት ተቀመጠች። ለእነዚህ ለሁለቱ ይከፈላቸዋል። ከኳየሩ ሁሉ የሚከፈላቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

ሻይ ሲፈላ ጥያቄያችንን ጠየቅን። "50 ሰው በነፃ እየመጣ፣ ኮሚቴው በነፃ እየለፋ፣ ለሁለቱ ብቻ ስትከፍሉ ቅሬታ የለም?" ሰብሳቢው ጥያቄው አልገባቸውም ነበር። ደግመን ስናስረዳቸው ሳቁ። እሳቸው ታሞ የቀረ ቤዝ በሌላ ቤዝ ይሸፈናል፤ አንድ ሰው ሲጎድል ዜማው አይቆምም። አስተማሪው ከቀረ ግን 50 ሰው ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ መቅረት ለሌለበት ሰው ይከፈላል፤ በውል፣ በጽሑፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነና ምን እንደሚጠበቅበት ተዘርዝሮ።

ከዚያ በኋላ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ አስታወስን። እናቶቻችን፣ የእድሩ ዳኛ ደመወዝ ነበራቸው? አልነበራቸውም። ጸሐፊውስ? ገንዘብ ያዡስ? የላቸውም፤ ቢበዛ በዓመት አንዴ ይመሰገናሉ። ጡሩምባ ነፊው ግን ይከፈለው ነበር። በውድቅት ሌሊት ተነስቶ በጭቃና በብርድ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየመንደሩ እየዞረ "እገሌ አርፏል" ብሎ የሚለፍፈውን ሰው "ለለቅሶ ገንዘብ ትቀበላለህ ወይ?" ያለው ማንም አልነበረም። ሥራው ለወዶ ዘማች የሚተው እንዳልነበረ ሁላችን እናውቅ ነበር። እንግሊዝ አገር ስንመጣ ረሳነው እንጂ፣ ነገሩን ከዚህ ሰዎች መማር አያስፈልገንም ነበር።

ክፍያ ግን የራሱ ችግር አለው፤ እሱንም አይተናል። እዚያ ኳየር ውስጥ ያለው ነገር አስቂኝ ነው። ሰኞ ማታ አስተማሪው ሰብሳቢውን በሁሉም ፊት "ዘግይተህ ገባህ፣ ድገም" ብሎ ይቆጣቸዋል። ሐሙስ ማታ ሰብሳቢው ከኮሚቴው ጋር ተቀምጠው የአስተማሪውን ክፍያ ይወስናሉ። አንዱ ለሌላው አለቃ ነው፤ ግን በአንድ ሰዓት አይደለም። ይህን ጠብ ሳይነሳ የሚይዙት በአንድ መስመር ነው። እንዴት እንደሚዘመር አስተማሪው ይወስናል፤ ኮሚቴው አፉን አይከፍትም። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ኮሚቴው ይወስናል፤ አስተማሪው ሐሳብ እንዲሰጥ ይጠራል፣ ድምፅ የለውም። ስለ ራሱ ክፍያ ሲነጋገሩ ደግሞ ከክፍሉ ይወጣል። መስመሩን የሚጥስ አልፎ አልፎ ይነሳል፤ ያለፈው ሰብሳቢ ዜማ መምረጥ ይወዱ እንደነበር በሹክሹክታ ነግረውናል።

ገንዘብ ሲያጥራቸው ያደረጉትንም አልደበቁንም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ መዘመር ትንፋሽ ስለሚያስተላልፍ ተከለከለ። ብዙ ወራት ዝም አሉ። የኮንሰርት ገቢ የለም፣ ሠርግ ላይ ዘምሮ የሚገኝ የለም። ሲመለሱ ካዝናው ሳስቶ ነበር፤ ጥቂት አባላትም አልተመለሱም፣ ከመካከላቸው ያረፉ አሉ። ኮሚቴው የፒያኖዋን ክፍያ ለመቆጠብ ብሎ የተቀረጸ ድምፅ ገዛ። ልምምዱ ላይ ምንም አልተሰማቸውም። ሕዝብ ፊት ሲቆሙ ግን አንዱ ክፍል ለመተንፈስ ዘገየ፤ የተቀረጸው ፒያኖ ደግሞ አልጠበቃቸውም፣ ጥሏቸው ሄደ። ሰው የሆነች ተጫዋች ግን ትጠብቃለች፤ ዓይኗ አስተማሪው ላይ ነው፣ የደከመውን ክፍል በጣቷ ደገፍ ታደርጋለች። ከዚያ ምሽት በኋላ ይቅርታ ጠይቀው መለሷት። ገንዘቡን ያገኙት አባላቱ ወርኃዊ መዋጯቸውን ጨምረው ነው።

ይህን ሲነግሩን ጸሐፊያችን ትዝ አለችን። ለሰባት ዓመት በነፃ አገለገለችን። ስልኳ በሌሊት ስምንት ሰዓት ይጮሃል፤ ምጥ የያዛት፣ ቋንቋ የማትችል፣ አምቡላንስ መጥራት የፈራች እህት ነች። ቀን ደግሞ ሙሉ ሥራ አላት፣ ሦስት ልጆች አሏት። ታማ አራት ወር ስትተኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የባንኩን የይለፍ ቃል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ለአንድ ለጋሽ መላክ የነበረበት ሪፖርት ቀኑ አለፈ፤ የሁለተኛው ዓመት ድጋፍም ቀረ። በነፃ ነው ያልነው ሥራ ስንት እንዳስወጣን ያን ጊዜ አየነው። ደግሞም ማናችንም ሄደን የጠየቅናት ለጤናዋ ሳይሆን ለይለፍ ቃሉ ነበር። ይህን ስንናገር እናፍራለን፤ ግን ይነገር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንገባለን። ከእኛ ሦስታችን ሁለታችን "ይቅር፣ አይነሳ" ብለን ነበር፤ ሦስተኛዋ አሸነፈችን።

በልምምዱ ማብቂያ ላይ በር ላይ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የሳምንቱ መዋጮ ይጠራቀማል። ብዙ አይደለም። ሰዉ ኮቱን ሲለብስ ገንዘብ ያዡና ሌላ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ይቆጥሩታል። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ደግሞ ይቆጥራል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ከዚያ ነው ከአዳራሹ የሚወጣው። እነዚህ ሰዎች ከ40 ዓመት በላይ ጎን ለጎን የዘመሩ፣ አንዳንዶቹ አብረው ጉድጓድ የገቡ ናቸው። ሽማግሌያችንን "አትተማመኑም እንዴ?" ብለን ጠየቅናቸው። ጉድጓድ ውስጥ ጓደኛውን የሚያምን ሰውም ቢሆን ጣሪያውን የሚደግፈውን እንጨት በእጁ መትቶ እንደሚፈትሽ ነገሩን። ሁለተኛው ፊርማ የተቀመጠው ለገንዘብ ያዡ እንደሆነ፣ አንድ ቀን ቢጎድል ሰው ስሙን እንዳያነሳበት እንደሆነ አስረዱን።

በዚያ ሰዓት አንዳችን ለአንዳችን አላወራንም። ሁላችንም ግን ያሰብነው አንድ ፖስታ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥና ድፎ ዳቦ ሸጠን ገንዘቡን ለአንዲት እህታችን በፖስታ ሰጠናት። ማን ቆጠረው? ማንም። ማን ፈረመ? ማንም። "አንቺ ያዥው፣ ሰኞ ባንክ አስገቢ" አልናት፤ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ፣ ድስት በእጇ ይዛ ነበር። ባንክ የገባው ከጠበቅነው በ180 ፓውንድ አነሰ። የጠበቅነውስ ከየት መጣ? ስንት ሰሃን እንደተሸጠ በግምት ተናግረን ነው። ሰሃን በብድር የወሰደ ነበር፣ በነፃ የበላ ነበር፣ ለአዳራሹ ማጽጃ ከዚያው ተቆንጥሮ ነበር። ማንም "ሰርቃለች" አላላትም። ዝም አልናት እንጂ። ቡና ላይ ስትመጣ ወሬ እንቀይር ነበር። ከዚያ መምጣት ተወች፤ ልጇም ከቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቀረ። ዝም ካሉት መካከል እኛ ሦስታችንም ነበርን።

ሁለት ሰው ቆጥሮ ቢፈርም ኖሮ ያቺ እህት ዛሬ እዚህ ተቀምጣ ትሰማን ነበር። እኛ በፍቅር ተማምነን ነው የምንሠራው ስንል፣ ጥበቃ ሳናደርግላት ነው የተውናት።

ከኳየሩ ሌላም ያየነው አለ፤ ይኼኛው ቅር አሰኝቶናል። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ክፍል ወሰዱን። ሻይ፣ በምጣድ የተጋገረ ዘቢብ ያለው ትንሽ ጣፋጭ ቂጣ፣ ሳንድዊች ተደርድሯል። ያዘጋጁት ሚስቶቻቸውና ባሎቻቸው ያረፉባቸው ሴቶች ናቸው። በዚህ ዓይነት ኳየሮች ብዙ ጊዜ "የሴቶች ኮሚቴ" የሚባል አለ፤ ሻይ ሸጦ፣ ሎተሪ አውጥቶ፣ ያገለገለ ልብስ ሸጦ ገንዘብ የሚያመጣው እሱ ነው። በዚህም ኳየር ወንዶቹ ውጭ አገር ሄደው የዘመሩበት አውቶቡስ የተከፈለው በቂጣው ነው። ግን ለረጅም ዘመን በዋናው ኮሚቴ አንዲት ሴት አልነበረችም። ያመጡት ገንዘብ የት እንደሚውል ሌላ ክፍል ውስጥ ይወሰን ነበር። አሁን ሁለት ገብተዋል፤ አንዷ የሒሳብ መርማሪ ሆና ስትሠራ የኖረች ጡረተኛ ናት፣ ወንዶቹ ይፈሯታል። እርግጥ በሙዚቃው በኩል በር ከተከፈተ ቆይቷል። የሞሪስተን ኦርፊየስን ለዓመታት የመራችው ጆይ አማን ዴቪስ ሴት ናት። ከመሪው ዱላ ይልቅ ወደ ካዝናው ቁልፍ መቅረብ ይከብዳል ማለት ነው። እኛ የሴቶች ማኅበር ስለሆንን ይህ አይነካንም እንዳትሉ። በእኛም ዘንድ ወጥ የምትሠራውና ቦርድ ላይ የምትቀመጠው አንድ አይደሉም። እንግሊዝኛ የማይችሉት እናቶቻችን ምድጃው ጋ፣ የምንችለው ጠረጴዛው ጋ። ይህን ለሚቀጥለው ጉባኤ እናቆየዋለን፤ ግን ተመዝግቦ ይያዝልን።

አንድ ቦታ ደግሞ አለ፤ በመንገዳችን ላይ ስለሆነ ቆመን አየነው። አበርቫን ይባላል። ጥቅምት 21 ቀን 1966 ከመንደሩ በላይ የተከመረው የከሰል ማዕድን ዝቃጭ ተንዶ ትምህርት ቤቱን ቀበረው። 144 ሰው ሞተ፤ 116ቱ ሕፃናት ናቸው። መቃብሮቹ በኮረብታው ላይ በረድፍ ተሠልፈው ይታያሉ። ከመካከላችን አንዷ ልጅ የቀበረች ናት፤ እዚያ ከባድ ነበር፣ ብዙ አንናገርም።

ከዚያ ሐዘን በኋላ በመንደሩ ሁለት ነገር ተወለደ። ወንዶቹ ኳየር መሠረቱ፤ ኢኒሶዌን ይባላል። ሴቶቹ ደግሞ በየሳምንቱ የሚገናኙበት የወጣት ሚስቶች ክበብ አቋቋሙ። ልጅ ያጣችውም ልጇ የተረፈላትም አብረው ይቀመጡ ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ፣ ወጣት ሚስቶቹ አያቶች ሆነውም፣ ይገናኙ ነበር።

ስለ አበርቫን የምናነሳው ግን ለደጋፊዎቻችን ስንል ነው። ከዓለም ዙሪያ ሰው አዝኖ ለመንደሩ ወደ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ተዋጣ። የተናደው ክምር የመንግሥት የከሰል ቦርድ ነበር። የቀሩት ክምሮች እንዲነሱ ወላጆቹ ሲጠይቁ፣ ለማስነሻው ወጪ ከዚያ ለሐዘንተኞች ከተዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ተወሰደ። ለልጆች መታሰቢያና ለእናቶች እንዲሆን ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ፣ ጥፋቱን ያደረሰውን ወገን ዕዳ ከፈለ። ያ 150,000 ፓውንድ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያለ ወለድ። በ2007 የዌልስ መንግሥት ተጨማሪ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ። ከመጀመሪያዎቹ እናቶች ያንን ቀን ያላዩ ብዙዎች ናቸው።

ስለዚህ ለጋሾቻችን "ገንዘባችን ወዴት ይሄዳል?" ብላችሁ ስትጠይቁን አልተቀየምንም። ጠይቁን። የሚያሳስበን ጥያቄያችሁ "ለደመወዝ ስንት ሄደ?" በሚለው ብቻ እንዳይቆም ነው። ማን ፈረመ? ማን ተቃወመ? የተሰጠበት ዓላማ ተጽፎ ተይዟል? እነዚህንም ጠይቁን።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የምንቀጥራት እህት በሳምንት 16 ሰዓት ትሠራለች። በሰዓት 13 ፓውንድ ብንከፍል በሳምንት 208፣ በዓመት 10,816 ፓውንድ ይሆናል፤ የጡረታ መዋጮ ሲታከልበት ትንሽ ከፍ ይላል። እኛ 72 አባላት ነን፤ በወር 5 ፓውንድ ስናዋጣ በዓመት 4,320 ፓውንድ ነው። የቀረውን 6,496 ፓውንድ ያለ ደጋፊዎቻችን አንችለውም። በዚህ አገር ግብር የሚከፍል ሰው የጊፍት ኤይድን ቅጽ ከፈረመ ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፓውንድ ማኅበሩ ከመንግሥት 25 ሳንቲም ያገኛል። በወር 10 ፓውንድ የሚሰጥ በዓመት 120 ሰጠ፤ እኛ ጋ 150 ሆኖ ይደርሳል። ቅጹ በር ላይ ነው። ከመካከላችን ለዓመታት እየሰጡ ያልፈረሙ አሉ፤ ዛሬ ሳይፈርሙ ሻይ እንዳይሰጣቸው ብለን አስበን ነበር።

ሠራተኛዋ ምን ትሠራለች? ስልኩን በሥራ ሰዓት ትይዛለች፤ ደብዳቤ ታስተረጉማለች፤ ለሐኪም ቤትና ለትምህርት ቤት ቀጠሮ አጃቢ ትመድባለች፤ ሪፖርቱን በቀኑ ትልካለች። የሌሊቱ ስልክ ለእሷ አይሰጥም። እሱ በአሥራ ሁለት ሴቶች መካከል በተራ ይዞራል፤ አንዲት ሴት በወር ከሦስት ሌሊት በላይ አይደርስባትም። ያም ሥራ ያለ ክፍያ ይቀጥላል። ሐዘን ቤት መሄድ፣ አራስ መጠየቅ፣ ገንፎ ማገንፋት ለማንም በደመወዝ አይሰጥም። እህት ለእህቷ የምትደርሰው እንደዚያ ነው፤ በዚህ ከተቃወማችሁን እህቶች ጋር አንድ ነን።

አንድ የሚቆረቁር ነገር ቀርቷል። ለሥራው ትሆናለች ብለን ሁላችንም በልባችን የያዝናት ሴት የቦርድ አባል ናት። በዚህ አገር የበጎ አድራጎት ማኅበር የቦርድ አባል በመሠረቱ ክፍያ አይቀበልም፤ እኛም መተዳደሪያ ደንባችን ላይ ይህን የሚፈቅድ ቃል የለንም። ስለዚህ ማመልከት ከፈለገች መጀመሪያ ከቦርዱ ትለቃለች፤ የቅጥሩን መስፈርት በሚጽፈውም በሚመርጠውም ኮሚቴ ውስጥ አትገባም፤ ማስታወቂያው ለሁሉም ይወጣል። ላትመረጥም ትችላለች። ይህን ፊት ለፊት ነግረናታል። ፊቷ ጥቁር አለ፤ ከዚያ "ደንቡ እንደዚያ ከሆነ እንደዚያ ይሁን" አለች። የምትወዷት ሁሉ በዚህ እንዳትቀየሙን እንለምናለን። የኳየሩ አስተማሪ ስለ ራሱ ክፍያ ሲነጋገሩ ከክፍሉ ወጥቶ ውጭ በዝናብ ሲጋራውን ያጨሳል፤ ተመልሶም ያስተምራል።

ስለ ፖስታዋ እህታችን ደግሞ። ባለፈው እሑድ ሦስታችን ቤቷ ሄድን። ዳቦ ይዘን ነበር። ቡና አፈላችልን፤ ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ስለ ልጆች ብቻ አወራን። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅናት፤ አሳዛኝ ንግግር አላደረግንም፣ "አጥፍተናል" ነው ያልነው። ለረጅም ጊዜ ረከቦቱን ስታስተካክል ቆየች። በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን፤ አሁን ገንዘብ ስትቀበሉ ምን ታደርጋላችሁ አለች። አዲሱን የደረሰኝ ጥራዝ ከቦርሳችን አውጥተን አሳየናት፤ ከታች ሁለት የፊርማ መስመር አለው። ገልጣ አየችው። "ቀኑ የሚጻፍበት ቦታ ጠቧል" አለች። እውነቷን ነው፤ ማተሚያ ቤቱን እንነግራለን። ትመጣ እንደሆነ አልነገረችንም።

የድምፅ መስጫው ወረቀት ሰማያዊው ነው። በአማርኛ ተጽፏል፤ ማንበብ ለሚቸግራቸው እናቶች ከግራ በኩል የተቀመጡት ሁለት ልጆች ያነቡላቸዋል፣ ምልክቱን ግን ራሳቸው ያደርጋሉ። ሣጥኑ ከምሳ በፊት ይዘጋል። ቆጣሪዎቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ባለፈው ዓመት "አይቀጠር" ካሉት፣ ሁለቱ "ይቀጠር" ካሉት። እንጀራው እስኪቀርብ ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነን።